ሳይንደረደር የተነሣው አውሮፕላንና የአባባ ኩርፊያ

ለውድ ወንድሜ ለራልፍ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ሰላምታዬ አንተን፣ ሞይራንና ልጆቹን በደህና ያግኛችሁ። ወገብህ ተሻለህ ወይ? የአውስትራሊያ ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ከዝናቡና ከእማማ የጉልበት ቁርጥማት በቀር ደህና ነን።

አባባ ስለ ወዳጄ ስለ ኤቲየን ለምን አንድ ቃል እንደማይጽፉልህ ጠይቀኸኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአውሮፕላን ሜዳችን የሚሠራው አዲሱ ተዋጊ አውሮፕላን ሳይንደረደር፣ ካለበት ቀጥ ብሎ እንዲነሣ የታሰበ ነው። ታዲያ በመጠጥ ቤቱ ክርክሩ ሁሉ ይህን መጀመሪያ ያሰበው ማነው የሚል ሆነ። ሽማግሌው ፐርሲ ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ ሞክረውታል ይላል። ሌላው አሜሪካኖች በጅራቱ የሚቆም ሠርተዋል ቢል፣ አብራሪው ሲያርፍ ሰማይ ሰማይ እያየ መሬት የሚፈልግበት ነው ብለው ሳቁበት። ያን ጊዜ የኔው ጉድ፣ የሞተሩን ንድፍ ይዞ ከብሪስቶል የተላከው ኤቲየን፣ "ሐሳቡ የአገሬ ሰው የአንድ ፈረንሳዊ ነው፣ መጀመሪያ በወረቀት ያመጣው እሱ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ግን እውነትም ጊዜ አላት። የዚያን አውሮፕላን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የከረሙት አባባ "ወረቀት አይበርም" ብለው ተነሥተው ወጡ።

የሠራተኛውን ልማድ ታውቀዋለህ፤ አንዱን ሲቀየሙ ሁሉም አብረው ያኮርፉታል። በማግስቱ ኤቲየንን አንድም ሰው አላናገረውም። ሻይ ይዞ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ይለቀቅለታል፤ መፍቻ አቀብሉኝ ሲል እንዳልሰሙ ሆነው ያልፉታል። እኔም ከምሠራበት ከሜዳው ሻይ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ሆኜ እያየሁ፣ የሱን ሻይ ሞላ አድርጌ እቀዳለት ነበር። ልንጋባ ማሰባችንን ሊነግራቸው ቤት ቢመጣ፣ አባባ ጋዜጣቸውን ከፊታቸው አላወረዱም። ኤቲየን ወደ ብሪስቶል ሊመለስ፣ እኔም ተከትዬው ልሄድ፣ አባባ ክንዴን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሳያስገቡኝ ልዳር ነበር።

ባለፈው ወር አውሮፕላኑን እንደ ባለጌ ወይፈን በሰንሰለት ከመሬት ጋር አሰሩትና ሞተሩን አስነሡት። ሁላችንም ሥራችንን ጥለን ወጣን። ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ የሻይ ቤቱ መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ፣ ራልፍ፣ ጎማዎቹ መሬቱን ለቀቁ። ያ ሁሉ ብረት ሳይሮጥ በገዛ ትንፋሹ ላይ ቆመ። ከጉልበቴ ከፍ አላለም፤ እኔ ግን ሰማይ የተከፈተ መሰለኝ። ይህን የሠሩት እኛ የምናውቃቸው፣ ሻይ የምቀዳላቸው ሰዎች ናቸው ብዬ ማመን አቃተኝ።

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር፤ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም መልሰው አላደረጉትም። ኤቲየን ብቻውን ከአጥሩ ጋ ቆሞ እንባውን ይጠርጋል። አባባ ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ እሱ ሄዱና በእጃቸው የያዙትን የራሳቸውን ሻይ ሰጡት።

"እንካ ጠጣ። ወረቀትህ በረረ" አሉት።

"የእርስዎ ቆርቆሮ ይዞት ነው" አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ሞላ። እሁድ ምሳ ላይ አባባ የጥብሱን የመጀመሪያ ቁራጭ ቆርጠው ለሱ ሰጡት፤ ሰጥተውት ሳይጨርሱ ያንኑ ክርክር ጀመሩት። እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። እማማና እኔ ወጥ ቤት ሆነን እየሰማን አለቀስን፤ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ እንደዚያ ጭቅጭቅ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ሠርጉ ብርዱ ሲያልፍ ነው።

ሞይራን ሳምልኝ። የቶቢንና የትንሿን ኔል ጉንጭ ቆንጥጥልኝ። እማማ ካልሲ እየሠሩልህ ነው። ኤቲየን ባያውቅህም ሰላም ብሎሃል። አባባም፣ ክንዴን ይዘው የሚያስገቡኝ እሳቸው መሆናቸውን ጻፊለት፣ አውሮፕላኑም የኛ መሆኑን ጻፊለት ብለውኛል።

እህትህ ኢኒድ
ክራንሌይ፣ እንግሊዝ
ኖቬምበር 1960