ማኅተሙ ያልተነካ ካርቡሬተር

ለተከበሩ የትንንሽ መኪኖች እሽቅድምድም የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ጤናዎ እንደ ብዕርዎ ቀለም እንዳይነጥፍ እየተመኘሁ፣ ሰው ፊት ድምፄ ስለማይወጣ በጽሑፍ መምጣቴን ይቅር ይበሉኝ። የታላቅ ወንድሜን ሞተር የምፈታውና የምገጥመው እኔ ነኝ።

፩. ተወዳዳሪ ሁሉ ከኮሚቴው በርሜል ብቻ ቤንዚን እንዲቀዳ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። በርሜሉ ክዳኑን ከፍቶ ሦስት ቀን ዝናብ መጠጣቱን ግን ማስታወቂያው ረስቶታል።

፪. ከመጀመሪያው ውድድር በኋላ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቅ ጀመር። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ብፈታው እንደ አጥንት ነጥቷል፤ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ ዘይቱም የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ እሱም አንሶታል። ከታንኩ በብርጭቆ ቀድቼ ባቆየው ውሃው ከታች ተኛ። ውሃውን ለማራገፍና ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ለማጽዳት ሩብ ሰዓት ይበቃኝ ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት መርምራችሁ በሽቦ አትማችሁት ስለነበር ብርጭቆውን ይዤ ፈቃድ ልጠይቅ መጣሁ። እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት፣ «አንቺ ልጅ፣ ብርጭቆ ከሆነ ሄደሽ እጠቢ። ማኅተሙ ከተነካ ውድድር የለም» አሉኝ። አጠገብዎ ያሉት ሳቁ። ወንድሜም፣ «ተይው እቱ፣ ቀስ አድርጌ እነዳታለሁ» አለኝ።

፫. በሁለተኛው ውድድር፣ በአራተኛው ዙር ፒስተኑ ደርቆ ተጣበቀ፤ መኪናዋ ባለችበት ቀጥ አለች፤ ከኋላ የመጣው ወጣባት። ወንድሜ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። እናታችን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች።

፬. ሪፖርታችሁ ደርሶናል፦ «ምክንያቱ መካኒኩ ካርቡሬተሩን በትክክል አለማስተካከሉ ነው» ይላል። ራሳችሁ አይታችሁ ያተማችሁትን ማለታችሁ ነው። ማኅተሙ እስካሁን አልተነካም፤ ለማስረጃ ብትፈልጉት ከተጨማደደው ብረት ጋር አለ።

አንድ ጥፋት ግን አለብኝ፤ አልክድም። ሽቦ መቁረጫው ኪሴ ውስጥ ነበር። ትልቅ ሰው ስላከበርኩ አልቆረጥኩም።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። ሪፖርቱን ተዉት፤ እኔ እሸከመዋለሁ። የእሑዱ ውድድር ሳይደርስ በርሜሉን ብቻ ድፉልን።

ለትእዛዝዎ ከመጠን በላይ ታማኝ የነበርኩት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ
የወንድሜ መካኒክ

ማሳሰቢያ፦ ልጅዎ እሑድ ከፊት ረድፍ እንደሚነሳ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ትናንት በልምምዱ ሰዓት ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሞተሩን አዳመጥኩት። ነዳጅ ሲሰጠው መታነቅ ጀምሯል።