ቅቤ የጎረሰው ጠመንጃ

ለውድ አባቴ ለአቶ ሽብሩ
ቡኢ

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚቀሰቀስብዎት ሳልስ ዘንድሮ ተወዎት ወይ? እማማስ ለዓይኗ የታዘዘላትን ጠብታ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች? እንሰቱ፣ ላሚቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነን። ትዕግሥትም ልጆቹም ደህና ናቸው። ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ የብረት ሥራ ቤቱን ዘግቼ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ ቻልኩ።

በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። “ምን አልክ? ማን ሞተ?” ሲሉኝ ጊዜ ተውኩት። ስለ ጠመንጃው የምነግርዎት ነገር እየጮኹ የሚያወሩት አይደለም። እህቴ ወርቄ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ። ክፉ ወሬ ስታዪ መስመር የምትዘዪውን ነገር ዛሬ ተዪልኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢላቸው።

ወንድሜ ፍቃዱ ጠመንጃውን ይዞ ሐዋሳ በሰላም ገብቷል። “ስሞት በቀብሬ ላይ አንድ ጊዜ ይተኩስልኝ፤ እስከዚያው ዋሲሁን ያድስልኝ” ያሉትን መልእክትም አድርሷል። አመጣጡን ግን ነግሮዎት ከሆነ አላውቅም። ሰደፉን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በርሜሉን ለብቻው ፈትቶ ከውሃ ቧንቧዎች ጋር አስሮታል። ፍተሻ ላይ ለወንድሜ ሥራ ቤት የሚሆን ቧንቧ ነው አለ። ፈታሹ አንስቶ በአንድ ዓይኑ ቢያይበት ጨለማ ሆነበትና፣ ይሄኛውማ ተደፍኗል፣ ምን ያደርግልሃል ብሎ መለሰለት። ቢያዝ ኖሮ ይህን ጊዜ ስንቅ እያመላለስኩ ነበር።

ሸሪኬን ሙክታርን ያውቁታል። አምና ለመስቀል ከእኔ ጋር መጥቶ፣ የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ጎመንና አይብ ያቀረቡለት ሰው ነው። በርሜሉን እንዳየ መጀመሪያ የጠየቀው ጎርሷል ወይ ብሎ ነው፤ ባሩድ አለበት ወይ ማለቱ ነበር። ፍቃዱ ሳቀና፣ “እንዴታ! በየመስቀሉ ይጎርሳል። ዘንድሮም አባባ ራሳቸው ናቸው ያጎረሱት” አለው። ሙክታር ክው አለ። እኔም የቤቱን ነገር አዋቂ ነኝና ጣልቃ ገባሁ። በእኛ ቤት ጠመንጃ አጎረሱ ማለት በመስቀል ዕለት ቅቤ አቅልጠው በአፈሙዙ አፈሰሱ ማለት ነው፤ እንዳይዝግ ነው ብዬ አስረዳሁት። ሦስታችንም ሳቅን። ስቀን ስናበቃ የባሩዱን ነገር መልሶ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የኋላው መዝጊያ በዝገት ተጣብቆ አልፈታ አለን። በርሜሉን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰርኩትና በጋዝ እሳት ላሞቀው ጀመርኩ። ብረቱ ሞቅ ሲል የስንት ዘመን ቅቤ በአፈሙዙ ይንጠባጠብ ጀመር። ሽታውን አልነግርዎትም። ሙክታር የቀረውን ለመጥረግ ቀጭን ዘንግ ይዞ አፈሙዙ ፊት ቆመ። ዘንጉን አስገባው፤ የሆነ ቦታ ላይ ቆመበት። አወጣውና በበርሜሉ ጎን በውጭ በኩል ለካው። መዝጊያው ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ያህል ይጎድለዋል። እንደገና አስገብቶ ለካው፤ ያው ነው። ከዚያ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ “ዋሲሁን፣ እሳቱን ከዚያ አንሳው። አሁኑኑ” አለኝ።

ጋዙን ዘግቼ ወደ ኋላ ስሸሽ ተደናቅፌ ለበር የቆራረጥኩት ላሜራ ላይ ዘፍ አልኩ። ፍቃዱ ነው ጎትቶ ያስወጣኝ። የጎረቤት ሱቆችንም አስወጥተን፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ መንገድ ዳር ቆምን። ወደ ቱላ የሚያልፍ ባጃጅ ጥሩምባ ባሰማ ቁጥር ሦስታችንም እንዘል ነበር። ሙክታር ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። እኔ የማስበው ለሚስቱ ምን እላት እንደነበር ነው።

ውሃ ሞልተንበት አድሮ፣ በማግስቱ ሙክታር ጫፉ የተጠማዘዘ ዘንግ ሠርቶ የጎረሰውን ጎትቶ አወጣው። መጀመሪያ የጨርቅ ውታፍ፣ ከዚያ ድብልብል እርሳስ፣ ከዚያ ባሩድ። ውሃው እንኳ ከሥር ያለውን ባሩድ አላገኘውም። ጥቂቱን ደጅ አውጥተን ክብሪት ስንጭርበት ቦግ አለ። ቅቤው ከላይ ክዳን ሆኖ ከእርጥበት ጠብቆታል፤ በርሜሉን ግን በልቶታል። ማን ነው ያጎረሰው አባባ? አያታችን ናቸው? እርስዎስ ያውቁ ነበር? ወርቄም፣ ፍቃዱም፣ እኔም ያደግነው እኮ እሱ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተኝተን ነው። የምድጃው ሙቀት ወደ እሱ ነበር የሚወጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በርሜሉ አልቆለታል። ውስጡ ነቅዞ ሳስቷል፤ ከኋላ በኩል ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሙክታር መታ መታ አድርጎ፣ ይሄ እንደ ቆርቆሮ ነው የሚጮኸው አለ። ባሩድ ቢገባበት የሚፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው። ተኳሹ ደግሞ ፍቃዱ እንዲሆን እርስዎ ወስነዋል።

ፍቃዱን ያውቁታል፤ የእርስዎ ቃል ከሆነ እሳት ውስጥም ይገባል። አባባ የፈለጉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ ይችላል አለኝ። አይችልም አልኩት። ተጣላን፤ እኔም የማይባል ተናገርኩት። ተነስቶ ወጣና ፒያሳ ሲዞር ውሎ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ያለው ሰው አግኝቶ መጣ። ሰውየው ውስጡ አዲስ ቧንቧ እከትበታለሁ፣ አሳምሮ ይተኩሳል ብሎታል። የውሃ ቧንቧ እኮ ነው አባባ! ለነገ ዓርብ ሊወስድለት ተቀጣጠሩ።

ትናንት ፍቃዱ ከትዕግሥት ጋር ገበያ ሲወጣ በርሜሉን መልሼ ሞርሳው ላይ አሰርኩት። ውስጡን አጥቤ፣ ድፍን ብረት ከትቼ፣ ከኋላም ከፊትም በየድኩት። እሳት የሚገባበትን ቀዳዳም ደፈንኩት። ሙክታር መጀመሪያ አባትህን ጠይቅ ብሎኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ብጠይቅዎ እምቢ ይሉኛል፤ እምቢ ካሉኝ ደግሞ እታዘዝዎታለሁ።

ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ዝገቱን በነጭ ጋዝ አለቀቅሁት፤ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በዋንዛ ጠገንኩት። ምላጩን ሲስቡት መዶሻው ቀጭ ይላል። ከዚያ በላይ ምንም አይወጣውም። ፍቃዱ ተመልሶ ሲያየው አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ይዞት ይመጣል። ይህ ደብዳቤ ግን ቀድሞት እንዲደርስ ነገ ጠዋት በማውቀው ሹፌር እልከዋለሁ።

እንደሚከፉብኝ አውቃለሁ። ይቆጡ፣ ይስደቡኝ፤ ብቻ እርግማን ከአፍዎ አይውጣብኝ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ ጠብታውንም ታድርግ። ወርቄ፣ ሳትዘዪ ስላነበብሽ አመሰግንሻለሁ፤ ለባለቤትሽ ለብርሃኑ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ናርዶስን ጉንጯን ሳሚልኝ። ትዕግሥትና ልጆቹ ሁላችሁንም ናፍቀዋችኋል። ሙክታርም አባትህን ሰላም በልልኝ ብሏል።

የነገሩኝ ቀን፣ ፈጣሪ ያርቀውና፣ መምጣቱ አይቀርም። ያን ዕለት የሚተኩስልዎት አገሩ አያጣም። ቃሬዛዎን ከፊት የምንይዘው ግን እኔና ፍቃዱ ነን። ለዚያ ሁለቱም እጆቹ ያስፈልጉታል።

ልጅዎ ዋሲሁን ሽብሩ
ሐዋሳ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.