የአሸዋ ቀለም የተቀባው ሲሚንቶ

ለተከበሩ የሠፈራችን ስፖርት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንዲሟላ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ከወንበርዎ ሲነሱም ተረከዝዎን ቅንጣት እንዳያምዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ወር በፊዚክስ ተመርቄ ሥራ የምፈልግ የሠፈርዎ ልጅ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እደፍራለሁ።

1. የርዝመት ዝላይ ማረፊያው አሸዋ በልጆች ጫማ እየገባ የቢሮዎን ኮሪደር ቢያቆሽሽብዎ፣ አሸዋውን አስወጥተው ጉድጓዱን በሲሚንቶ ስላስደፈኑት እናመሰግናለን። ኮሪደሩ አሁን ፊት ያሳያል።

2. ሲሚንቶው ለዓይን እንዳይከብድ የአሸዋ ቀለም ስላስቀቡትማ ምን ብለን እናመስግንዎ? ታናሽ እህቴ ለፈተና ስትል ከልምምድ ሦስት ሳምንት ቀርታ በተመለሰችበት ጠዋት፣ እንደ ልማዷ ተንደርድራ የዘለለችው ቀለሙን አምና ነው። ዘበኛው «አንቺ ልጅ፣ ቁሚ!» ብለው የጮኹት እሷ አየር ላይ ሳለች ነበር፤ አየር ላይ ደግሞ መቆም አይቻልም።

3. በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ «ዝላዩ ያው፣ ልጅቷም ያችው፣ ስለዚህ ማረፊያው ጥፋት የለበትም» ተብሎ የተለጠፈውን አንብቤያለሁ። በትሕትና ለማስታወስ ያህል፣ አጥንት የሚሰብረው መውደቁ ሳይሆን የመቆሚያው ርቀት ማጠር ነው። አሸዋ ስንዝር ያህል እየሰመጠ፣ እያባበለ ያቆማል፤ ሲሚንቶ የጣት ውፍረት እንኳ አይለግስም። መቆሚያው በአሥር እጥፍ ሲያጥር ምቱ በአሥር እጥፍ ይበረታል። ሁለቱ ተረከዞቿ ስሌቱን ከእኔ ቀድመው ሠርተውታል።

4. ለዚህኛው ቁጥር ምስጋና አላዘጋጀሁም። ሜትር ይዤ ከጎን የቆምኩት፣ «በይ ዝለይ» ያልኳት እኔ ነኝ። ተረከዞቿ ሲሰበሩ የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከቤታችን አልወጣም፤ በር በተዘጋ፣ ማንኪያ በወደቀ ቁጥር እህቴ እግሯን ትሰበስባለች። እናታችን ፊዚክስ ሳትማር፣ ከምታስቀምጠው ዕቃ ሁሉ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ማንጠፍ ጀምራለች።

ቅዳሜ የሕፃናት ዝላይ ውድድር እንዳለ በርዎ ላይ አይቻለሁ። እባክዎ አሸዋውን ይመልሱት። ኮሪደሩን በየቀኑ እኔው እጠርጋለሁ፤ ዲግሪዬ ለጊዜው ሌላ ሥራ የለውም፣ እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም።

ጫማዬን ከደጅዎ አራግፌ፣ ወለልዎን እንዳላጎድፍ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣

ሜትሩን የያዘው ወንድሟ

ማስታወሻ፦ ማረፊያው እስከ ቅዳሜ እንዳለ ከቆየ፣ ውድድሩን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎትና የመጀመሪያውን ዝላይ እንዲያሳዩን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሜትሩን እኔ እይዛለሁ፤ «ይዝለሉ» የሚለውን ግን ሌላ ሰው ይበልዎት።