የሹፌሯ ወተት

ይድረስ ለእትዬ፤ ጃጁራ

እንደምን ከረምሽልኝ እትዬ? ወገብሽን ተሻለሽ? የእንሰቱ በሽታስ ቆመ ወይስ ወደ ጓሮው ዘለቀ? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ አሁን ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ስደውል ልጄ ሆሴዕ ከኋላሽ ትንሽ ካለቀሰ ጡቴ በራሱ ጊዜ ይፈሳል፤ ቃሌም አብሮ ይጠፋል። አንቺ ዝም ማለቴን ስትሰሚ «ኔትወርኩ ነው» ትያለሽ። ኔትወርኩ አልነበረም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ፍሬው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ሆሳዕና ይመጣል። ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው።

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ወደ ጭነት መኪናዬ ስመለስ የፈራሁት መንገዱን ነበር። መንገዱ አላስቸገረኝም። አዲሎ ላይ ተሳቢውን በዚያ ሁሉ ባጃጅና ከብት መሀል ሳሳልፍ እጄ ሥራውን እንዳልረሳ አወቅሁ፤ ደስም አለኝ። ያስቸገረኝ ቆሞ መጠበቁ ነው። ጭነት የምናነሳበት ደረቅ ወደብ በር ላይ ተራ እስኪደርስ አንዳንዴ መሽቶ ይነጋል። ከመኪናሽ ርቀሽ ከሄድሽ ተራሽን ሌላ ይዞት ታገኛለሽ። ወንዶቹ ጎማ ሥር ይሸናሉ፤ ማንም ምንም አይላቸውም። እኔስ? ግቢው ውስጥ የሴቶች ሽንት ቤት አለ፤ በሩ ላይ ግን «ለሠራተኛ ብቻ» የሚል ተለጥፎበታል፤ ቁልፉም ቢሮ ነው ያለው። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ተውኩ። የምታጠባ ሴት ውሃ ስትተው ምን እንደምትሆን ለአንቺ አልነግርሽም።

ወተቱን የማልበው ጋቢና ውስጥ ነበር፤ ሻርፔን መስታወቱ ላይ አንጠልጥዬ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ በፕላስቲክ ኩባያ። ከዚያ መስኮቱን ከፈት አድርጌ እደፋዋለሁ። የልጄን ምግብ መሬት ሲጠጣው ማየት፣ እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ። አንድ ቀን እያለብኩ ሳለሁ አንዱ ተራ አስከባሪ መስታወቱን እየደበደበ «ተንቀሳቀሺ!» ብሎ ጮኸብኝና ኩባያው ጭኔ ላይ ተገለበጠ። ወተት ወተት እየሸተትኩ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ አፈርኩ፤ ማለቡን ማዘግየት ጀመርኩ።

ያ ጦስ አመጣብኝ። ከፋሲካ በኋላ ተራ ይዤ ሳለሁ ግራ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ቀላ፤ ትኩሳቱ ጥርሴን አንገጫገጨው። እንደምንም ወርጄ ወደ በሩ ሄድኩ። ጥበቃው ኃይለኢየሱስ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። «እህቴ፣ ትእዛዝ ነው፤ ካስገባሁሽ እንጀራዬን አጣለሁ» አለኝ። ልለምነው አፌን ስከፍት ትኩሳቱ አሸነፈኝና አጥሩን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ከመኪናዬ ኋላ ተራ ይዞ የነበረው ፈትሁዲን የሚባል የወራቤ ሰው ነው። ሮጦ መጥቶ ፊቴን ሲያይ «ይሄ የጡት ነው፤ ባለቤቴን እንዲህ አድርጓት ያውቃል» አለ። እኔ ባፍርም እሱ አላፈረም። ኃይለኢየሱስን «ቁልፉን አምጣላት» አለው። ያው ትእዛዝ ሲደገምለት ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ በሩን ቆልፎ ወረደ። «እሷ ካልገባች እኔም አልንቀሳቀስም» አለ። የኋላው ሹፌር ምን ሆነ ብሎ ወረደ፤ ሲነገረው እሱም አጠፋ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እትዬ፣ ጎማ ሥር ሲሸና የማየው ሰው ሁሉ ሞተሩን አጠፋልኝ። ክላክስ የለ፣ ጩኸት የለ። ያን ያህል መኪና ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ዝምታው መሰለኝ የቢሮዎቹን ሰዎች ያስወጣቸው። መጀመሪያ የመጣችው ፋንታዬ የምትባል መውጫ ወረቀት የምትሰጥ ሴት ናት። በመስኮት ብቻ ነው የማውቃት፤ ቀና ብላ አይታኝም አታውቅም ነበር። ደግፋ አነሳችኝና አሮጌ ፋይል የሚከመርበት ክፍል አስገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከረች ያዘችልኝ። ስታለቅስ አየኋትና ምነው አልኳት። «እኔም እኮ እዚሁ እየሠራሁ፣ የሽንት ቤቱ ቁልፍ በእጄ እያለ፣ የማልብበት ቦታ አጥቼ ልጄን ያለጊዜው ጡት አስጣልኩት። ሽንት ቤት ቆሜ የልጄን ምግብ ማለብ ቀፈፈኝ። ለማን ይነገራል?» አለችኝ። ጤና ጣቢያም የወሰደችኝ እሷው ናት። መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ዳንኩ።

በኋላ የግቢው ኃላፊ ሰበሰበን። «ያለችን ሴት ሹፌር አንድ ናት፤ ለአንድ ሰው ክፍል ይከፈት?» አለ። እንድናገር ዕድል ሰጡኝ። ታውቂኛለሽ፣ ጸሎት ቤት ምስክርነት ስጪ ስባል እንኳ የምንቀጠቀጥ ነኝ። «አንድ አይደለሁም፤ ጽዳቶቹ አሉ፣ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሳምሪ አለች፣ ቢሮም ውስጥ እናቶች አሉ። ስለምንደበቅ ነው የማትቆጥሩን» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ፋንታዬ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። መጥታም ከጎኔ ቆመች።

አሁን የበሩ ጽሑፍ ተነስቷል። የፋይሉ ክፍል ተጠርጎ ወንበርና ትንሽ ፍሪጅ ገብቶበታል፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። እኔ ስገባ ፈትሁዲን ወይም ሌላው ተራዬን ይይዝልኛል። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልልሽም፤ ውሃው ይጠፋል፣ የሚስቅም ሹፌር አለ። ግን ተቀምጬ ነው የማልበው፤ ውሃም እጠጣለሁ።

ፋንታዬ ወተቱን በበረዶ ሳጥን ለልጅሽ ላኪለት ትለኛለች። ልልክም ነበር። ቅዳሜ ግን ባሌ ሚክያስ ከጊምቢቹ መጥቶ አይቷችሁ ሲመለስ ደወለልኝ። ልጁ ጉንጩ ሞልቶ እንደ አባቱ መሳቅ ጀምሯል አለኝ። የላክሁልሽ የዱቄት ወተት ጣሳ ግን ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ላሟም ነጥፋለች። «ታዲያ በምን ወፈረ?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል! የጃጁራ አየር ተስማምቶት ነው አልኩት።

ጨቅላሽን ማራኪን ቀብረሽ እንባሽ ሳይደርቅ ልጄን ይዤብሽ ስመጣ ዘመድ ሁሉ ተቆጥቶኝ ነበር፤ ኀዘንተኛ እናት ላይ የሰው ሕፃን ይጣላል ወይ ብለው። አንቺ ግን ምንም ሳትናገሪ እጅሽን ዘረጋሽ። አሁንም ምንም አትንገሪኝ፤ እኔም አልጠይቅሽም። ሰው ከጠየቀሽ ጣሳው ነው በይ። እኔ የራሴን ወተት የማላደርቀው፣ እረፍት ስወጣ ልጁ እኔንም እንዲያውቀኝ ብዬ ነው።

በፍሬው እጅ የአጃ ዱቄት ልኬልሻለሁ። ለሆሴዕ አይደለም። አጥሚት አድርገሽ፣ ማር ጠብ አድርገሽበት፣ ትኩስ ትኩሱን አንቺው ጠጪው። ከባድ ነገር አታንሺ። ውሃ አብዝተሽ ጠጪ።

ማራኪን በእቅፉ የተቀበለ አምላክ ያንቺን እቅፍ ባዶ አያድርገው። ጉልበትሽን ያጽናው፣ የሰጠሽውን በእጥፍ ይመልስልሽ።

ልጃችንን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ