የአንድ ሰዓት መንገድ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃውን ተደግፈሽ ውረጂ ያልኩሽን ትሰሚያለሽ ወይስ አሁንም እንደ ኮረዳ ትሮጫለሽ? አባባንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እሪ እንዳትዪ፣ አደራ።

ባለፈው በስልክ «ሁለታችሁም ያላችሁት እስያ አይደል? ምናለ ብቅ ብለህ እህትህን ብታያት?» ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። ኧረ እማዬ፣ እስያ እኮ የእኛ ሰፈር አይደለችም! ከእኔ ከተማ እስከ እሷ ከተማ ሦስት ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ባሕር ተሻግሮ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ርቀቱ የገባኝ ማክሰኞ ዕለት ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስተኩስ የእህቴ የሥራ ጓደኛ ደወለችልኝ። የእህትህ ትርፍ አንጀት ሊፈነዳ ደርሷል፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ያሰጋታል ብለዋል ሐኪሞቹ አለችኝ። እህቴ ደግሞ «የሥጋ ዘመድ ሳይመጣልኝ ቢላዋ አይነካኝም» ብላ ድርቅ ብላለች። ድርቅናዋን ከማን እንደወረሰች አንቺ ታውቂያለሽ። አለቃዬን ለምኜ በሥራ ልብሴ አውሮፕላን ጣቢያ ሮጥኩ።

ትኬቱ በአሥር ሰዓት ይነሳል፣ በአሥራ አንድ ይደርሳል ይላል። እሰይ፣ ለካ ቅርብ ነው አልኩ! አውሮፕላኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ለእህቴ ደወልኩላትና «አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ በቃ ደርሻለሁ፣ ጠብቂኝ» አልኳት። በደከመ ድምፅ «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ተነሳን። አንድ ሰዓት አለፈ፣ በመስኮት የሚታየኝ ግን ውሃ ብቻ ነው። አስተናጋጇን ስጠይቃት ገና ሦስት ሰዓት ይቀረናል አለችኝ። ለካ የእህቴ ከተማ ሰዓት ከእኔው በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው! ትኬቱ መነሻውን በእኔ ከተማ፣ መድረሻውን በእሷ ከተማ ሰዓት ነው የጻፈው። እማዬ፣ እኔን ስትጠብቅ አንጀቷ ቢፈነዳስ? ጠብቂኝ ያልኳት እኔ፣ ስልክ አይሠራ፣ ወርጄ አልሮጥ። ጮክ ብዬ «ገደልኳት!» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቋንቋዬን ባያውቁም እጄን ያዙኝ፣ እስክናርፍም አልለቀቁኝም።

ሆስፒታል ስደርስ አልጋዋ ባዶ ነው፤ አንሶላው እንኳ ተነስቷል። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ጓደኛዋ መጥታ በክንዴ አነሳችኝና ወደ ሌላ ክፍል ወሰደችኝ። እህቴ እዚያ ተኝታለች፣ ኦፕራሲዮኗን ጨርሳ! ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አንተ ደርሻለሁ ስትል ገና ጫማህን እያሰርክ እንደሆነ ዕድሜ ልኬን አውቃለሁ። መንገድ መጀመርህ በቃኝና ስልኩን እንደዘጋሁ ሐኪሞቹን እሺ አልኳቸው። አንተን ብጠብቅማ ሞቼ ነበር።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። አሁን ሾርባ ጀምራለች፣ እኔንም መሳደብ ጀምራለች።

አባባን ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። ትንሿን እህታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስቴን በጸሎትሽ ተርፋለች በያት። እስያ አንድ ሰፈር ናት ብላ ያሳመነችሽን ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ። አንቺ ደግሞ «ደርሻለሁ» እያልኩ ባስጠበቅኩሽ ቁጥር ስትቆጪኝ ኖረሻል፤ ዘንድሮ ግን አንዲት ቃል እንዳትናገሪኝ።

ልጅሽ
ከእህቴ አልጋ አጠገብ
የካቲት 11 ቀን