ሁለት አጭር ጥሪ፦ የአቶ ቶፊቅ አብዶ የሕይወት ታሪክ

ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. አቶ ቶፊቅ ሱብሒ ሰግደው፣ ከልጆቻቸው ጋር ሻይ ጠጥተው፣ የተበጠሰውን የልጃቸውን የሰሀርን የቦርሳ ማንገቻ በሽቦ አስረው ከቤት ወጡ። ከቤታቸው እስከሚሠሩበት ሆስፒታል በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የቤቱ ስልክ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ጮኸና ዝም አለ። ያነሣው ሰው የለም። በዚህ ቤት ሁለት አጭር ጥሪ «ደርሻለሁ» ማለት ስለሆነ አይነሣም።

አቶ ቶፊቅ ከአባታቸው ከአቶ አብዶና ከእናታቸው ከወ/ሮ ረቢአ አደም ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም. በጨፋ ሮቢት ተወለዱ። አባታቸው የከብት ነጋዴ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. በግጦሽ ምክንያት በተነሣ ጠብ ከገበያ ሲመለሱ በጥይት ተመትተው ሞቱ። የዘጠኝ ዓመቱ ቶፊቅ ተኩሱን ከቤት ሆነው ሰምተዋል። ቃሬዛው ደጃፍ ላይ ሲወርድ ደሙ ገና ይንጠባጠብ እንደነበር ለባለቤታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነግረዋታል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጨፋ ሮቢት፣ ሁለተኛ ደረጃን በከሚሴ ተምረው፣ በ1997 ዓ.ም. በኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማ ተመረቁ። ለአምስት ዓመት በስልክ መስመር ጥገና ሠርተው በ2002 ዓ.ም. በከሚሴው ሆስፒታል በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ2004 ዓ.ም. ከኢክላስ ሰዒድ ጋር ተጋብተው ሰሀርንና ሙሀመድአሚንን ወለዱ።

በ2012 ዓ.ም. ሆስፒታሉ የድሮዎቹን ስልኮች ከኢንተርኔት መስመር ጋር የሚያገናኝ ጌትዌይ የተባለ ሣጥን አስገባ። ሣጥኑን የተከሉት እርሳቸው ናቸው። ከፋብሪካ ሲመጣ የሌላ አገር የጥሪ ድምፅ ተሞልቶበት ነበር፤ የሚደውል ሰው በጆሮው የሚሰማው ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ድምፅ ነው። የከሚሴ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ መስመሩ ተይዟል ብሎ ይዘጋል። አዋላጅዋ ሲስተር ኡምኩልሱም ሲቀልዱ «አቦ ቶፊቅ፣ ይሄ ስልክህ ፈረንጅ ነው እንዴ? አማርኛም ኦሮምኛም አስተምረው እንጂ» ይሏቸው ነበር። ቀልዱ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ከማዋለጃ ወደ ቀዶ ሕክምና ሦስት ጊዜ ተደወለ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ተይዟል» ተብሎ ተዘጋ። ሰው በእግሩ ሮጦ ሲደርስ ሴትዮዋ አልፋለች። መስመሩ አልተያዘም ነበር።

አቶ ቶፊቅ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ። ሦስት ቀን ከሣጥኑ ፊት ሳይነሡ ድምፁን ሰው ወደሚያውቀው መለሱት፤ አንድ ሰከንድ ይጮኻል፣ አራት ሰከንድ ዝም ይላል። በማዋለጃው በር ላይ፣ በኮሪደሩ በኩል፣ ትልቅ ደወል ሰቀሉ። በግቢው ውስጥ ሰው ያላነሣው ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ደወል እንዲዞር አደረጉ፤ ማዋለጃ ሰው አይጠፋምና። ብልሽት ሲኖር እንዲጠሩም አንድ መስመር ወደ ቤታቸው ሳቡ። የቤቱ ሁለት አጭር ጥሪ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው ግጭት ሲነሣ ጎረቤታቸው በራፋቸው ላይ ተገደሉ፤ የእነርሱም ቤት ተቃጠለ። አቶ ቶፊቅ ከእሳቱ ያወጡት ሁለቱን ልጆችና የመፍቻ ሣጥናቸውን ነው። ቤቱን እንደገና ሲሠሩ ከበሩ በፊት የስልኩን ሽቦ ዘረጉ።

በዚያ ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ታጣቂዎች ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ገቡ። የጥበቃ ሠራተኛውን አቶ ሳዳምን በር ላይ ገደሉ። መድኃኒት ቤቱን ሰበሩ፤ ተራ በሚጠብቁ ሕመምተኞች ላይ ተኮሱ። ሲስተር ኡምኩልሱም አሥራ አንድ እናቶችን ከነጨቅላዎቻቸው ማዋለጃ ክፍል አስገብተው ከውስጥ ቆለፉ። የሞባይል ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበር ዘመዱን የሚፈልግ ሁሉ የሚደውለው በሆስፒታሉ መስመር ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚያነሣ አልነበረም፤ ጥሪው ሁሉ ወደ ማዋለጃው ደወል ዞረ። ደወሉ ከበሩ ውጭ ስለሆነ ከውስጥ ያሉት ሊያጠፉት አልቻሉም። በጮኸ ቁጥር ሕፃናቱ እየነቁ አለቀሱ።

አቶ ቶፊቅ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የኋላው አጥር ጋ ደርሰው ነበር። ከእነርሱ አንዱ አቶ ሙሀመድኑር ክንዳቸውን ይዘው «ወዴት ነው? አብደሃል?» ሲሏቸው «ትሰማዋለህ አይደል? የሰቀልኩት እኔ ነኝ» ብለው ተመለሱ።

ሣጥኑን ከኤሌክትሪክ መንቀል የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያው ሣጥን፣ በሌላ መስመር፣ የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ጀነት ከቢሯቸው ሆነው ተኩሱን ለማስቆም ከሚለምኑ የአገር ሽማግሌዎች ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ስለዚህ አቶ ቶፊቅ ከሣጥኑ ፊት ተቀምጠው የማዋለጃውን ደወል ብቻ ለይተው ዘጉ። ሣጥኑ የመዘገበው ሰዓት እንደሚያሳየው አራት ደቂቃ ፈጀባቸው። ደወሉ በጩኸቱ መካከል ቆመ። ሲስተር ኡምኩልሱም «ቶፊቅ ነው። በሉ ጡት ስጧቸው» አሉ።

የሣጥኑን ክፍል በር ሰብረው የገቡት ሰዎች ሦስት ጊዜ ተኮሱ። አንዱ ጥይት አንገታቸውን፣ ሁለቱ ደረታቸውን መታ። እዚያው ወንበራቸው ላይ አረፉ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ሽማግሌዎቹ ተሰምተው ታጣቂዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ግቢውን ለቀቁ። አሥራ አንዱም እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ወጡ። ባለቤታቸው አንዱን ሰከንድና አራቱን ደቂቃ ስታነጻጽር ሰንብታለች። ያገባችው ግን መስመር የሚነቅል ሰው አልነበረም።

አቶ ቶፊቅ በአርባ አንድ ዓመታቸው፣ በዚያው ዕለት ዐሱር ከተሰገደ በኋላ በከሚሴ ተቀበሩ። እናታቸው ወ/ሮ ረቢአ፣ ባለቤታቸው ኢክላስ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ሰሀርና የስድስት ዓመቱ ሙሀመድአሚን አሉ። አላህ ቀብራቸውን ሰፊና ብርሃናማ ያድርግላቸው፤ በዚያ ቀን አብረዋቸው ለተገደሉትም እንዲሁ። አሚን።

የቤቱ ስልክ ይሠራል። ሰው ሲደውል ይጮኻል፣ ይነሣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሁለት አጭር ጥሪ የለም።