የጣሪያው ቁልፍ

ኦክቶበር 5
ልብስ አጠብኩ። ጣሪያ አልወጣሁም... ጉልበቴ እምቢ አለ። ዳክዬዎቼን የመገበልኝ ልጄ ሳምህ ነው፣ እየተነጫነጨ።
ደረጃው ላይ ቡሰይና አገኘችኝ። የሟቹ ባሌ ወንድም ሚስት፣ ከሥሬ የምትኖረው፣ የዚህ ቤት ምስጥ። "የሳምህ እናት፣ መውጣት ካቃተሽ ቁልፉን ስጪኝ እንጂ። ልጄ ዋኢል ጣሪያው ላይ ክፍል ሠርቶ ያግባበት።"
"ዳክዬዎቼስ?" አልኳት።
"ለሠርጉ ይታረዳሉ።" ሳቀች ደግሞ። በቁሜ አታገኛትም ያችን ቁልፍ።

ኦክቶበር 8
ሐኪም ጋ ሄድኩ። "ሐጃ፣ ጉልበትዎ አልቋል፣ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል።" መርፌውን ጉልበቴ ውስጥ ወጋኝ። አያድንም አለ፣ ለጥቂት ጊዜ ያስታግሳል። ሕመሙስ? ትንኝ የነከሰችኝ ያህል።

ኦክቶበር 15
ጣሪያ ወጣሁ። ከታች ቡሰይና እንድትሰማ ደረጃውን ሆን ብዬ በኃይል ነው የረገጥኩት። ሰምታለች።

ኦክቶበር 29
ለክትትል ክሊኒክ ሄድኩ። ማን ተቀምጣለች? ቡሰይና። ጉልበቷን ይዛ፣ ፊቷን በሻሿ ከልላ። ለካ እሷም...
"መርፌው ያማል እንዴ?" አለችኝ ቀስ ብላ። እዚህ ቤት ከገባሁ እንዲህ ለስልሳ አናግራኝ አታውቅም።
"ከምጥ ይብሳል። እኔ ራሴን ስቼ ነበር።"
ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ እያነከሰች። ደስ አለኝ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽ።

ኖቬምበር 20
ድምጿ ጠፋ። ስለ ቁልፉ አታነሳም። ሰላም ሆነ... አይደል?

ዲሴምበር 12
መርፌው ከዳኝ። ጣሪያ ላይ ጉልበቴ ተቆልፎ ዳክዬዎቹ መሀል ወደቅኩ። ስልኬ ታች፣ ሳምህ ሥራ። ጮህኩ። የሰማችኝ ቡሰይና ብቻ።
"በምን እግሬ ልውጣ?"
ወጣች ግን። በመቀመጫዋ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በየደረጃው እኔንና ዘሬን እየረገመች። በላብ ተጠምቃ አጠገቤ ዘፍ አለች።
አላስቻለኝም። "መርፌው አያምም። ዋሽቼሽ ነው።"
ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬን አቀመሰችኝ። ደገመችኝ። "ያን ሁሉ ሌሊት ሳቃስት ያደርኩት ባንቺ ምላስ ነው? እባብ።" ሳምህ እስኪመጣ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ዲሴምበር 14
ቁልፉን ወሰደችው። ዳክዬዎቹን ላትነካ በዋኢል ምላለች፣ ማን ያምናታል?
ነገ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። እኔን አይወጉኝም፣ የመርፌዬ ጊዜ ገና ነው። "አብረሽኝ ካልገባሽ አልገባም" ብላለች፣ ክፉ። እሺ፣ እገባለሁ። ከፈራች እጇን እይዝላታለሁ... እስኪያማት አጥብቄ።